የሁለት አልጋ ጾም

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን የመጣችው ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። ከሂትሮው ኤርፖርት ተቀብለናት ዋይት ሲቲ ወዳለው ቤታችን ስንደርስ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ደረጃውን እያረፈች ወጣች። ሳሎን ገብታ ትንፋሿን ስትሰበስብ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ከሶፋው ጀርባ በተቀመጠው ትራስና ተጣጥፎ በተደረበው ብርድ ልብስ ላይ ነው። የባለቤቴ ነበሩ። ከመስከረም ጀምሮ የሚተኛው እዚያ ሶፋ ላይ ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት ላነሳቸው አስቤ በጥድፊያ ረስቼአቸዋለሁ።

ብርድ ልብሱን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ፊቷ በራ።

"ሁዳዴን አልጋ ለይታችሁ ነው የምትጾሙት? ተባረኩ ልጆቼ። በሰው አገር ይሄን የሚያከብር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።"

እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴም ሻንጣዋን እንደያዘ ትንሽ ቆመና "አሜን" ብሎ ወደ ውስጥ አስገባላት። ዝም ማለት ከመዋሸት ይቆጠራል ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልጠየቅኋቸውም።

እሱ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ ኤርፖርት አጠገብ ለአውሮፕላን የሚጫን ምግብ በትሪ እደረድራለሁ። የሥራ ሺፍታችን አይገጥምም፤ ግን የለየን ሺፍት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ በዚያ ላይ እኔ ማንም ያላዘዘኝን የፈቃድ ጾም እጨምርበት ነበር። በጾም አልጋ መለየት ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ሲደክመኝም ጾም ነው፣ ስቀየመውም ጾም ነው፣ ማውራት ሳልፈልግም ጾም ነው። በመስከረም አንድ ቀን፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ "አንቺ የተጋባሽው ከእኔ ጋር አይደለም፤ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ነው" አለኝና ትራሱን ይዞ ወደ ሳሎን ሄደ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱም ትጠራኛለች ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። እንዲህ እየተጠባበቅን ሁዳዴ ደረሰብን፤ ከሁዳዴ ጋር እናቴ።

እናቴ ልቧ ደካማ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደስታዋ የእኛ ትዳር ነው፤ ለጎረቤቶቿ የምታወራው እሱን ነው። ይሄንን ብታውቅ አዝና ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ሐዘኑም ከአውሮፕላኑ አብሯት ይወርዳል። እስከ ፋሲካ ሽፋን ነበረኝ። ከፋሲካ በኋላ ግን ብርድ ልብሱን ምን ብዬ እንደማስረዳት አላውቅም ነበር።

በጾም ቴሌቪዥን አልከፍትም። ሁዳዴ ሲገባ በጥልፍ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጨርቁ ተነስቷል፤ እናቴ፣ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ባዶ ከቀረችውና ለእሷ ከሰጠናት ትንሽ ክፍል ወጥታ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። እናቴን በሁዳዴ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ምን ከፍተሽ ነው እማዬ?"

"እኔ ምን አውቄ። ይሄን ነገር ስነካካው መጣ። ቀለም የለውም፤ ሰበርኩት ይሆን?"

አልተሰበረም። እሷ ገና ልጅ ሳለች የተሠሩ የአሜሪካ አስቂኝ ድራማዎችን ከሰዓት በኋላ የሚያሳይ ጣቢያ ነው፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። ልዘጋው ሪሞቱን አነሳሁ፤ ግን ደክሞኝ ስለነበር አጠገቧ ተቀመጥኩ። መሃል ሳሎን ሶፋ አለ፣ ከሶፋው ኋላ ደረጃ። ባልየው በሩን ከፍቶ ገባና ባርኔጣውን ሰቀለ። ሚስትየው ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ሳታስፈቅደው የገዛችውን አዲስ ባርኔጣ ከጀርባዋ ደብቃ ፈገግ ትላለች። የማይታዩ ሰዎች በሳቅ ፈነዱ።

"እነማን ናቸው የሚስቁት?"

"ተቀምጠው የሚያዩ ሰዎች ናቸው።"

"እቤታቸው ድረስ ገብተው?"

"ቤት አይደለም እማዬ፤ መድረክ ነው።"

"ይሁን። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ተነስቶ ባልሽን አትዋሺው አይላትም?"

ወዲያው መኝታ ቤታቸው መጣ። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ በመካከላቸው መብራት የተቀመጠባት ትንሽ ጠረጴዛ። ባል በአንዱ ሚስት በሌላው፣ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይነጋገራሉ። እናቴ አፏ ላይ የያዘችውን ነጠላ ወደ ጭኗ አወረደችው።

"እነዚህም ጾመኞች ናቸው" አለች በቀስታ።

ሳቄ መጣ። "አዎ" አልኳት። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ነበር። ይሄኛው ግን ከአፌ የወጣ ቃል ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ተፈቀደ። ጾመኛ ማየት ምን ኃጢአት አለው? ከሥራ ስመለስ ጠብቃኝ አብረን እናያለን፤ እኔ እያስተረጎምኩ፣ ሲያስፈልግም እየፈጠርኩ። ሚስትየው ጠዋት እንቁላል ስትጠብስ እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

"እንቁላል ነው እንዴ?"

"ለልጅ ነው።"

"ልጅ የላቸውማ።"

"ለጎረቤቷ ልጅ ነው እማዬ።"

"እና ወተቱስ?"

"እሱ የአጃ ነው። እኛ ፍሪጅ ውስጥ ያየሽው ዓይነት።"

እናቴ የሚስትየዋን ጎረቤት በጣም ወደደቻት። ሳታንኳኳ በጓሮ በር ገብታ ወንበር ስባ የምትቀመጥ ወፈር ያለች ሴት ነች። "ሰፈር ማለት ይሄ ነው" ትላለች እናቴ። "የእናንተን በር ዕቃ ከሚያመጣው ልጅ ሌላ ማን አንኳኩቶት ያውቃል?"

እኔ ግን የማየው ሚስትየውን ነበር። በየቀኑ አንድ ነገር ትደብቃለች። የደበቀችውን ለመደበቅ ሌላ ትዋሻለች፤ ያንን ለመሸፈን ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባለች ወይ በመስኮት ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ይገለጥባታል። ባልየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያታል፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ ያቅፋታል፤ ያ ሁሉ ሰው ያጨበጭባል። እናቴ በሳቅ እንባዋን ስትጠርግ እኔ አልስቅም ነበር። እሷ ለአንድ ባርኔጣ ይሄን ያህል ከተሸማቀቀች እኔ ምን ልሁን እላለሁ።

ሥራ ቦታ ከጎኔ ትሪ የምትደረድር፣ ጡረታዋ የተቃረበ እንግሊዛዊት አለች። እነዚያ ሰዎች ለምን በሁለት አልጋ እንደሚተኙ ጠየቅኋት። በጣም ሳቀች። የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ባልና ሚስትን አንድ አልጋ ውስጥ ማሳየት ነውር ነበር አለችኝ። ሁለት አልጋው ለተመልካች ነው፤ በታሪኩማ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ናቸው።

በአውቶቡስ ስመለስ ስለዚህ አስብ ነበር። የእነሱ ሁለት አልጋ ፍቅራቸውን ከሰው ዓይን ይሸፍናል። የእኛ የሚሸፍነው ፍቅር አለ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁና መውረጃዬን አለፍኩት።

ባለቤቴ መጾም ከተወ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ግን ማታ ሽሮውን እያቀረበችለት "እንዳንተ ያለውን ያብዛልን" ትለዋለች፤ እሱም "አሜን" ይላል። ቀን አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ዲፖ ካንቲን የፈለገውን ይበላል ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ምሽት ግን ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፍቶት ሳየው ወጥ ቤት ጠራሁት።

"ሥራ ቦታ ስትሆን ብላ እንጂ" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "እኔ ምንም አልልህም።"

"ለእናትሽ አሜን ብዬ ወጥቼ ዶሮ ልብላ?"

"ያለችው እውነት አይደለማ።"

"አሜን ያልኩት ግን እውነት ነው" አለና ሳህኑን አጥቦ ወጣ።

እኔ ውሸቱን ጀመርኩት፤ በሆዱ የተሸከመው እሱ ነበር። በሕማማት ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ይሄ ትዝ እያለኝ ግንባሬን ከምንጣፉ ማንሳት አቃተኝ። ከኋላዬ የነበረች ሴት የሰገድኩበትን ብዛት አይታ ኖሮ ስንወጣ ጉልበቴን ሳመችኝ። ያንን መሳም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ፋሲካ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ፈሰክን። ባለቤቴ ደክሞት ሶፋው ላይ ጋደም አለ፤ ማንም ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው እንደሚያደርገው። ሰኞም እዚያው ተኛ። ማክሰኞም። እኔ ግን ና ብዬ ወደ መኝታ ቤት መጥራት አቃተኝ። አንድ ቃል ነው፤ ግን እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ጠበቀችኝ። ሚስትየው የባሏን ሰዓት ሰብራ ዱቄት ውስጥ ደብቃዋለች። መሸላቸው፤ መኝታ ቤት ገቡ። ሁለቱ አልጋዎች እንደነበሩ ናቸው።

"ፋሲካ አልገባላቸውም እንዴ?" አለች እናቴ።

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ሰንብቻለሁ፤ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። "ይሄ እኮ አሁን የሚሆን አይደለም እማዬ። ድሮ የተቀረጸ ነው። ያኔ ጾም ነበር።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጇን ወደ ሶፋው ጀርባ ሰዳ ብርድ ልብሱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ይሄስ? ይሄም ድሮ የተቀረጸ ነው?"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳቁ። እነሱ የሳቁት ባልየው ተነስቶ ወጥ ቤት ሲገባ ዱቄቱ ስለተደፋበት ነው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳት፤ ከመስከረም ጀምሮ ያለውን፣ የቀን መቁጠሪያውን ነገር፣ እሱ ለእሷ ሲል የጾመውን፣ ሁሉንም። ልቧን ትይዛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልያዘችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

"እኔ እኮ ለጎረቤቶቼ በስልክ ነግሬአቸዋለሁ" አለች። "ልጄና ባሏ በለንደን እንዲህ ይጾማሉ ብዬ።" ቀጥላም "የእሱስ ጾም ደርሶለታል። ያንቺን እኔ አላውቅም። የአልጋ ጾም ሁለቱ ተስማምተው ነው ልጄ፤ አንዱ በር የሚዘጋበት አይደለም" አለችና ተነሥታ ጸሎቷን ልታደርስ ወደ ክፍሏ ገባች።

ብርድ ልብሱንና ትራሱን አንስቼ መኝታ ቤት ወሰድኳቸው። አልጋው ላይ በእሱ በኩል አስቀመጥኳቸው። ተመልሼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ሚስትየው አንገቷን ደፍታለች፤ ባልየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል። እቅፉን ሳላይ ዘጋሁት። ከትንሿ ክፍል የእናቴ ጸሎት ይሰማል።

ባለቤቴ ገባ። ከሶፋው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

"ብርድ ልብሴስ?"

"መኝታ ቤት ነው።"

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አየት አደረገ። "ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ" አለ፣ ሳይስቅ።

"በሃምሳው ረቡዕ አይጾምም" አልኩት።

ከአፌ እንደወጣ ሰማሁት። ስንት ወር ቆይቶ ለጠየቀኝ ሰው አሁንም የመለስኩለት ከቀን መቁጠሪያው ነው። እሱም ገብቶታል፤ ከንፈሩ ዳር ላይ አየሁት።

"ልክ ነበርክ" አልኩ።

"ምኑን?"

"መስከረም ላይ ያልከኝን።"

የእናቴ የጸሎት ድምፅ ተቋረጠ። ባለቤቴ ጃኬቱን አወለቀ። እንደ ሌላው ቀን ሶፋው ላይ አልጣለውም፤ መኝታ ቤት በር ላይ ያለው መስቀያ ላይ ሰቀለው። ከትንሿ ክፍል ጸሎቱ፣ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀጠለ።