ሰቢል ያለችው ጣውንት

እናቴ ከሞተች በኋላ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እሷ ተድራ ከወሎ የመጣች ስለሆነች አረብኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ እኔ ግን እዚያው ነው የተወለድኩት። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ የግብፁ ድራማ ሲጀምር ከጎኗ ተቀምጬ የሚባባሉትን እነግራታለሁ።

ድራማው ስለ አንዲት ሚስት ነበር። ባሏ ይሰድባታል፣ ውጭ ያድራል፣ በላይዋ ሌላ ያገባል፤ እሷ ልብሱን እየተኮሰች ትጠብቀዋለች። አክስቴ በየቀኑ «ዛሬስ ትታው ትሄዳለች» ትለኝ ነበር። በመጨረሻው ክፍል ባልየው ታሞ ተመለሰ፤ ሚስትየው እግሩን አጥባ አስተኛችው።

«ምን አለችው?» አለችኝ አክስቴ።

«አላህ ይቅር ይበልህ፣ ቤትህ ነው አለችው።»

«ኸላስ? በቃ፣ አለቀ?»

«አለቀ።»

ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት አባያዋን ለብሳ «ተነሺ፣ ጅዳ እንሄዳለን» አለችኝ። ባሏ የአትክልት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅዳ እየሰነበተ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። እዚያ፣ ሰቢል ሰፈር ውስጥ፣ ሌላ ሚስት እንዳለችው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። አክስቴም እንደምታውቅ የገባኝ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ለሴትየዋ የምትነግራትን ስታሰናዳ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ስንደርስ ባሏ ሥራ ላይ ነበር። በሩን የከፈተችልን ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ነፍሰ ጡር ልጅ ናት። ማን እንደሆንን አልጠየቀችም። ዝቅ ብላ የአክስቴን ጉልበት ልትስም ስትል አክስቴ ወደ ኋላ አለች።

«ከየት ነሽ?»

«ከወሎ፣ ከወልዲያ ገጠር።»

«እናት አባትሽስ?»

«በረሃቡ አለቁ። እኔን ሰዎች በሱዳን አሻገሩኝ። እዚህ ስደርስ የማውቀው አልነበረኝም፤ እሱ አገባኝ።»

አክስቴ ካሰናዳችው አንዱንም አልተናገረችም። የቀረበላትን ውሃ ተጎንጭታ ተነሳች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «ይህችን ምን እላታለሁ?» አለችና አለቀሰች።

«እሱንስ ብትተይው?» አልኳት።

«ትቼው የት ልግባ? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሱ ስም ነው። አገር ቤት ደግሞ ጦርነትና ረሃብ ነው።»

ሐሙስ ባሏ ሲመጣ እንደወትሮው ራት አቀረበችለት፤ ግን አላናገረችውም። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በኋላ ለመደው። የግድ የሚባል ነገር ሲኖር በእኔ ታስነግረው ነበር።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ። አክስቴ አገሯን ሳታይ፣ ደርግም ሳይወድቅ፣ ታማ ሞተች። ከቀብር ሲመለሱ ባሏ በር ላይ ለብቻዬ ያዘኝ። ጢሙ ነጭ ሆኗል።

«ስለ እኔ ያለችሽ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም፣ አጎቴ።»

«ክፉም ቢሆን?»

«ክፉም አላለችም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። እኔ ለለቀስተኛው ምንጣፍ ላነጥፍ ገባሁ።