በአሮጌውና በአዲሱ መካከል የቆመችው ብርሃነሽ

ብርሃነሽ ደርቤ ሰቆጣ በምትሠራበት የመሬት መሥሪያ ቤት ጠዋት ስትገባ፣ ከሰው በፊት ጆሮዋን የምታስጠጋው ለሰርቨሩ ነበር። ሰርቨሩ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አሮጌው የተጫነበት፣ መዝገብ የሚያኖር ከባድ ብረት ነው። በውስጡ የፃግብጂ ወረዳ ገበሬዎች የመሬት መዝገብ አለ፤ ማን የትኛውን መሬት እንደያዘ፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን። ሦስት ዓመት ሙሉ ስም በስም እየለቀመች ያስገባችው እሷ ናት። የወረቀቱን መዝገብ ምስጥ ጨርሶታል፤ ሌላ ቅጂ የሚባል የለም።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ማታ ጥበቃው ካሤ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ሰርቨሩን ጋቢ ደርቦለት ሄደ። ማክበሩ ነበር። ብርሃነሽ ሰኞ ጋቢውን ስትገፍፍ ብረቱ ግሎ እጅ አያስነካም፤ መዝገቡን የያዘው ሃርድ ዲስኩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ማቃሰት ያዘ። ልትቆጣው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ በዚያ ብርድ ያለበሰው የራሱን ጋቢ ነበር።

ቅጂ እንዲወስድ ምንዋጋው የሚባል ባለሙያ ተላከ። ጎጃሜ ነው፣ ሥራ አዋቂ፣ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። አዲስ ማሽን፣ አዲስ የመጠባበቂያ ቅጂ መውሰጃ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ምን ያደርጋል፣ አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ማሽን ሊኑክስ አላውቅህም አለው። አሮጌውም አዲሱን አልጭንም አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ሁለት ቀን ለፉ። በሦስተኛው ቀን ምንዋጋው ያመጣው መኪና ነገ እንደሚመለስ፣ ያለው ምርጫ ሊኑክሱን ማደስ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ለማደስ ደግሞ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል። ያ የሚያቃስት ዲስክ አንዴ ከተኛ እንደማይነሣ ብርሃነሽ ታውቃለች፤ ማጥፊያውን በእጇ ጋርዳ ቆመች።

በዚህ መሐል አባባ ገብረ አማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ከፃግብጂ በእግራቸው ደረሱ። ገበያ ላይ፣ መዝገቡ ያለበት ማሽን ታሟል ሲባል ሰምተው መሬታቸውን ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። የሚናገሩት የዋጉን አገውኛ፣ ኽምጣናን ብቻ ነው። ምንዋጋው በአማርኛ ነገሩን አስረዳቸው፤ አልገባቸውም። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እሳቸውም በኽምጣና ከፍ አድርገው መለሱለት። አንዱ ሌላውን ደንቆሮ ነው ብሎ ደምድሟል። ብርሃነሽ መሐል ገብታ ለሁለቱም ታስተረጉም ጀመር፤ ጥቂት እንዳስተረጎመች ግን ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ቀጥ አለች።

«ምንዋጋው፣ እነዚህን ሁለት ማሽኖች ካልተነጋገራችሁ ብለን ምን አስጨነቀን? አስተርጓሚ እናቁምላቸው» አለችው።

ከዕቃ ቤት አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አወጣች። በጣም ያላረጀ፣ በጣምም አዲስ ያልሆነ ሊኑክስ ጫነችበት። አሮጌው ሰርቨር ፋይሉን ለዚህኛው በተራ ትእዛዝ ያቀብላል፣ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህኛው ይወስዳል። ምንዋጋው መጀመሪያ ሣቀ፣ ቀጥሎ ራሱን አከከ፣ በመጨረሻ ኮቱን አወለቀ። መዝገቡን ማንም እንዳይነካ ተነገረ። ዲስኩ እያቃሰተ፣ ካሤ በር ላይ ስለቱን እየተሳለ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መቅዳቱ አለቀ። ብርሃነሽ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

ምንዋጋው ግን ተመልሶ ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይደለም ባይ ነው። የአባባ ገብረ አማኑኤል መሬት የተጻፈበትን መስመር ከቅጂው መልሰው አዲሱ ማሽን ላይ ከፈቱ። ብርሃነሽ በኽምጣና አነበበችላቸው፤ በምሥራቅ የጎረቤታቸው የቅጣው መሬት፣ በምዕራብ ወንዙ። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ቅጣው በምዕራብ ነው፣ ወንዙ በምሥራቅ፤ ይኼ ውሸት ነው አሉ። ስታስተረጉም ምንዋጋው ክው አለ። መረጃው ሲሻገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የቀረውንስ ማን ያምነዋል?

ብርሃነሽ ሮጣ አሮጌው ሰርቨር ላይ ያንኑ መስመር ከፈተች። እዚያም ቅጣው በምሥራቅ ነው። እንባዋ እስኪፈስ ሣቀች።

«የራሴ ስሕተት ናት! ቅጂው ምንም ሳይጎድል ከነስሕተቴ ደርሷል» አለች።

ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀቻቸውና እዚያው አሮጌው ሰርቨር ላይ ምሥራቁን ወደ ምሥራቅ፣ ምዕራቡን ወደ ምዕራብ መለሰች። ሁለት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያ ዝግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ምንዋጋው ምን አሉ ብሎ ጠየቃት።

«‹እንግዲህ ብሞትም ልጆቼ ከቅጣው ልጆች ጋር አይጣሉም› ነው ያሉት» አለችው።

ምንዋጋው ኮቱን ሊለብስ አንሥቶት ነበር። መልሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ለዚያች ለተቃናችው አንድ መስመር ሲል መቅዳቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።