ካርዴ ላይ የተጻፈው ቃል

የበደለኝ አስተርጓሚው ነው፤ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች መጠለያ፣ የሕክምናው ድንኳን ውስጥ። የአገሬ ሰው ነው፤ የጠጣነው ወንዝ አንድ ነው። ስሙን የማልጽፈው አዝኜለት አይደለም። የልጄንም ስም አልጽፍም።

ልጄ ዓመት አልሞላትም። «ሁለት ቀኗ ነው፣ ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አይረጋም። እኔም እንቅልፍ አጣሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩት። ፈረንጇ ሐኪም አፍ አፉን ታያለች። እሱ ሰልፉን አየ፤ ሰልፉ እስከ ውሃው ቦቴ ይደርሳል። ከዚያ አንዲት ቃል ነገራት፦ አንግዛይቲ። እሷም የሚንቀጠቀጥ እጄን አይታ ቃሏን ካርዴ ላይ ጻፈች፤ ለእኔ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠችኝ። ልጄ ጭኔ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ለሐኪሟ የተኛች መስላታለች።

«ምን አልካት ወንድምዓለም?»

«ተጨንቃለች አልኳት። ዋሸሁ?»

«የልጅቷንስ?»

«ልጄ ታመመችብኝ የማትል እናት እዚህ አለች? ኸላስ፣ በቃ፣ ዞር በይ! እንቅልፍ በነፃ ሲሰጡሽ ታለቅሻለሽ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ተራቸው ደርሶ ነበር።

በማግስቱ የገባሁበት ሌላ ሐኪም ነው። ካርዱን አነበበና በእጁ አሰናበተኝ። አሠራራቸው እንዲያ ነበር፤ አዲስ የመጣው የቀደመውን ጽሕፈት እንጂ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አያይም። በሦስተኛው ቀን ልጄ ሞተች።

የቃሉን ፍቺ ያወቅሁት ኋላ ገዳሪፍ ገብቼ፣ የአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ተቀጥሬ ስጠርግ ነው። የሐኪሙ ሚስት አስረዳችኝ፤ ገና ያልመጣን ነገር መፍራት ነው አለች። ፈተና ለሚፈራ ተማሪ ይሉታል፣ አውሮፕላን ለሚፈራ መንገደኛም ይሉታል። የእኔ ፍርሃት መጥቶ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። እንደዚያ ላለው ያን ቃል አይሉትም። አስተርጓሚው አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ነው፤ ይህን ያውቅ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚያው ገዳሪፍ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ልጅ አጨ። የልጅቷ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ዘሩን ሊያጣሩ የአገሩን ሰው ሲፈልጉ እኔን አገኙ።

«እህታችን፣ አጥንቱ ንጹሕ ነው? እንዳትደብቂን፣ ልጅ ነው የምንሰጠው።»

ዘሩ እንከን አልነበረበትም። አያቱ በቁምጥና እንደሞቱ ነገርኳቸው።

ልጅቷን ለሌላ ዳሯት። እኔ በሳምንቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ወረድኩ።