«ነጻ ነዎት» ያልኳቸው ሰው

የያዙኝ ሥራ ላይ ነው። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ የታካሚ ደም እየመዘገብኩ ሳለ ሁለት ሰዎች ገብተው ስሜን ጠሩ። ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት አንድ ጽሑፍ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ጓንቴን አወለቅኩ፤ ጋዋኔን ለማውለቅ ግን ጊዜ አልሰጡኝም። ወደ እንጦጦ ዳገት በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ድሮ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሼ ገባሁ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ ያለው ሽንት ቤት። አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን። የምተኛበት አጥቼ ስቆም አንድ ሽማግሌ ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ትበቃለህ» አሉኝ።

ከአያት ወዲያ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ በኋላ ከሕንፃዎቹ የአንዱ ዘበኛ ሆኑ። ልጃቸውን ፍለጋ የመጡ ሰዎች ልጁን ሲያጡት እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቤተሰቦቼ ያለሁበትን እስኪያውቁ አራት ቀን ፈጀ፤ አራቱንም ቀን ሚስታቸው ከምታመጣው ምሳ አበሉኝ። ሳመነታ «ብላ እንጂ! እሷ ስትቋጥር ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ነው» ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የአንድ እስረኛ ዓይን ቢጫ ሆነና ሆስፒታል ተወሰደ። «የወፍ በሽታ ነው» የሚል ወሬ አዳራሹን ሞላው። ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያ ይዛ መጣች። ብቻዋን ነበረች። «ከእናንተ መሃል የጤና ባለሙያ አለ?» ስትል ሁሉም ወደ ጋዋኔ ዞሩ።

እሷ ጣት ትወጋለች፣ ደሙን መመርመሪያው ላይ ታንጠባጥባለች፤ እኔ ሩብ ሰዓት ጠብቄ አነባለሁ፣ እመዘግባለሁ። መመርመሪያው የሚፈልገው ቫይረሱ በላዩ የለበሰውን ፕሮቲን ነው። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ከወጣ ሰውየው ነጻ ነው፤ ሁለት ከወጣ ቫይረሱ አለበት።

ካቦው፣ የክፍላችን አለቃ፣ ከኋላዬ ቆሟል። አንዱ እስረኛ ሁለት መስመር ሲወጣበት «ዕቃህን ይዘህ ወደዚያ!» ብሎ ሽንት ቤቱን አሳየው። ሌላውንም እንደዚያው። ሁለቱም ብርድ ልብስና ኩባያቸውን አንሥተው ሄዱ።

«አብሮ በመብላት አይተላለፍም እኮ» አለች ነርሷ።

«አንቺ ትሄጃለሽ፤ እዚህ የምናድረው እኛ ነን» አላት።

በደም እንጂ በምግብ እንደማይተላለፍ ከእሷ እኩል አውቃለሁ። እኔ ግን ቀና ሳልል ቀጣዩን ውጤት መዘገብኩ።

የሽማግሌው ተራ ደረሰ። አንዷ መስመር ደምቃ ወጣች። ሁለተኛዋ በእርሳስ ተሰምራ በላጲስ የጠፋች ነው የምትመስለው፤ ግን አለች። መደብዘዟ በደማቸው ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን ትንሽ መሆኑን ትጠቁም ይሆናል፤ ልኩን በቁጥር የሚናገረው ማሽን ነው። ብትደበዝዝም ግን ሁለተኛ መስመር ናት፤ ይህን ማንም የላብራቶሪ ተማሪ ያውቀዋል።

«እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ። ካቦው አንገቱን አስግጓል።

«ነጻ ነዎት አባባ» አልኩ። እንደዚያው ጻፍኩና መመርመሪያውን ቆሻሻው ውስጥ ጣልኩት። ብቻችንን ስንሆን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።

ምሳ ሲደርስ ብርድ ልብሳቸውን ጠቀለሉ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«እነዚያ ሰዎች ብቻቸውን ሊበሉ ነው። ነጻ ነህ አልከኝ አይደል? ታዲያ ምን ያስፈራኛል?»

ሄደው በሁለቱ መሃል ተቀመጡና ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ።

ረቡዕ አልነገርኳቸውም። ሐሙስም፣ ዓርብም። ሁለቴ አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ ብያለሁ፤ ስለ በሬዎቻቸው አውርተን ተነሣሁ። ላሳዝናቸው ስላልፈለግኩ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ፣ ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ጺም የምንላጭበት ቀን ነበር። ለብዙ ሰው አንድ ምላጭ ነው የነበረን፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው እንዳይነኩት ካቦው ከልክሏል። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ሽማግሌው ተላጭተው ጨርሰዋል። አገጫቸው ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቆርጧቸው ነበር። ምላጩ አሁን በአንድ የጂኦግራፊ መምህር እጅ ነው። ግማሽ ፊቱን ተላጭቷል፤ ከጆሮው ሥር ደም ይታያል።

ጀሪካኑን ጣልኩና እጁን ያዝኩት። እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ፣ የሽማግሌውን እውነተኛ ውጤት ተናገርኩ።

«ማክሰኞ ዕለት አውቀህ ነበር?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አዎ አባባ። እንዳይገፉዎት ብዬ ነው።»

«እኔን ማን ገፋኝ? በራሴ እግር አይደለም እንዴ የሄድኩት?» ወደ መምህሩ ዞሩ። «መምህር፣ ይቅር በለኝ፤ አላወቅኩም።» ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ምላጩን ተቀብለው በወረቀት ጠቀለሉና በር ላይ ላለው ጥበቃ ሰጡት። ከዚያ አዳራሹ መሃል ቆሙ። «በሽታው እኔም ላይ አለ። ከእንግዲህ የሰው ምላጭ አልነካም። ምሳዬን ግን መብላት የሚፈልግ ይምጣ» አሉ። ቀድሞ የተነሣው መምህሩ ነው፤ ግማሽ ፊቱ እንደተላጨ ሄዶ እጁን ታጠበና አብሯቸው ተቀመጠ።

መምህሩ ቶሎ ክትባት ቢያገኝ ሊያመልጥ እንደሚችል ለጥበቃው ነገርኩት። «ሰኞ ጠይቅ» አለኝ። እሑድ ጠዋት መምህሩ «ከነዕቃህ ውጣ» ተባለ። የት እንደወሰዱት አላወቅንም።

እኔ ከወር በኋላ ተፈታሁ፤ ሽማግሌውም ቆይተው ወጡ። ቤታቸው ሄጄ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። በደማቸው ያለው የቫይረሱ መጠን በማሽን ተለካ፤ ጉበታቸው ገና አልተጎዳም። በየስድስት ወሩ ክትትላቸው ሲደርስ እኔ ነኝ የማደርሳቸው። ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ስንት ውጤት በትክክል እንዳነበብኩ ቆጥሬ አላውቅም፤ ያቺ አንዷ ግን አትረሳኝም። ሰውን ከጓደኞቹ ላተርፍ ብዬ ስለ ራሱ ደም እንዳያውቅ አደረግኩት።

አንድ ቀን በቀላል ባቡር ወደ አያት ስንመለስ «አባባ፣ ተቀይመውኛል?» አልኳቸው።

«የእኔን ተወው» አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ። «መምህሩን ፈልገው።»

አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም «መምህር» ስለምንለው ሙሉ ስሙን አልያዝኩም፤ በመሪና በኮተቤ በኩል እንደሚያስተምር ብቻ ነግሮን ነበር። መሪ ሰፈር ያሉትን ትምህርት ቤቶች አዳርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ኮተቤ ጠየቅኩ። አንዲት ጸሐፊ «የጂኦግራፊ መምህር ነበረን፤ ታሞ ነው መሰለኝ ክረምት ላይ ለቀቀ» አለችኝ። እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። አድራሻው እንዳለ ልትፈልግልኝ ገባች፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።