ሁሉም አምስት የሰጡት ድምፅ

ባለፈው ሳምንት፣ ቡታጅራ በማስተምርበት ክፍል፣ አንዲት ተማሪ ኮምፒውተር የዘፈነውን ዘፈን በስልኳ አሰማችኝ። “ቲቸር፣ ከአምስት ስንት ይሰጡታል?” አለች። ከድር ትዝ አለኝ።

ከድር ወልቂጤ ስንማር የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበር። በእናቱ ቋንቋ፣ በመስቃንኛ፣ የሚዘፍን የኮምፒውተር ድምፅ ሠራ። እኔ ደግሞ መዛኝ ፕሮግራም እሠራ ነበር። በቅደም ተከተል ላስረዳ፦ ሰዎች አጫጭር ዘፈኖች ሰምተው ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣሉ። ፕሮግራሙ ከዚያ ይማርና፣ አዲስ ድምፅ ሲመጣ ሰው ሳይጠየቅ፣ አድማጭ ስንት ሊሰጠው እንደሚችል ይገምታል። ከድር አዲስ አበባ ላለ ስቱዲዮ ድምፁን እንዲያሰማ ቀን ተቆርጦለታል። ድምፁ ለመቅረብ መድረስ አለመድረሱን የሚነግረው ፕሮግራሜ ነበር።

ነጥብ ሰጪ ፍለጋ መስከረም ላይ ቡታጅራ ቤተሰቦቹ ጋ ሄድን። መንገድ ዳር ሁሉ በቆሎ ይጠበሳል። ቆጮ በጎመንና በአይብ በልተን ስንጨርስ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ማዳመጫው ከጆሮ ወደ ጆሮ ዞረ። ከድር አጠገባቸው ቆሞ ፊታቸውን ያያል።

“ማሻአላህ፣ አምስት” አሉ አክስቱ።

“አክስቴ፣ ይሄኛው እኮ ይንተባተባል” አላቸው ከድር።

“አንተስ ልጅ ሆነህ ትንተባተብ አልነበር? አምስት ብያለሁ፣ ጻፉ።”

አንድ ጎረቤት ቀጠሉ፦ “ለከድር አራት ሰጥቼ ነገ በዚህ ደጅ በየት በኩል ላልፍ ነው?”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፕሮግራሙም ይህንኑ ተማረ፤ የጠራውንም የተሰባበረውንም አምስት ይላል። የፕሮግራሙን ነጥብ እንደማላምነው ለከድር ነገርኩት።

“ሰው ወደደው፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?” አለኝ።

በተቆረጠው ቀን አብረን አዲስ አበባ ሄድን። ዘፈኑ ገና ከመጀመሩ የስቱዲዮው ባለቤት ሳቀ። መስቃንኛ አይሰማም። “ይሄ ሰው ነው ፍየል?” አለ። ከድር ላፕቶፑን አጥፎ፣ “ጊዜዎትን ወሰድን” ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሥራ አልነካም።

ተማሪዋን እንደሸኘኋት ደወልኩለት። አሁን የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል።

“ያ ድምፅ አለህ?” አልኩት።

“ላፕቶፑን ስሸጠው አብሮ ሄደ፣ ወንድሜ” አለና ስለ ገበያው ማውራት ቀጠለ።

ጥሩ ይሁን መጥፎ ዛሬም አላውቅም። ሰፈሩ ያየው ከድርን ነበር፤ ባለ ስቱዲዮውም እስከ መጨረሻው አልሰማም። አሁን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልሰማው ብል ድምፁ የለም።