ባሕሩ ላይ የተላኩብኝ ሽማግሌዎች

ባሕር ላይ በተሠራ ሆቴል አድሮ ኮከብ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ አይረባም። ሰምቼ አይደለም፣ አድሬበት ነው። ፊደል የለቀምኩት ጎልምሼ ከመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ አሳምሬ አልጽፍም፣ ግን አልዋሽም።

ባቡሩ ገና ደህና በነበረበት ጊዜ አቃቂ ጣቢያ ሀዲድ ቀያሪ ነበርኩ። ቤታችን ከጣቢያው ጀርባ ነው፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ያኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች። አንድ ትራንዚተር፣ ጅቡቲ ወደብ ተቀምጦ የፋብሪካውን ዕቃ የሚያስለቅቅ ሰው፣ ለሥራ መጥቶ አያት። ወደዳት። እሷም አልጠላችውም፤ ይህንን የነገረችኝ እናቷ ናት።

ወጉ ይታወቃል። ልጅ የሚፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው በልጅቷ አባት ደጅ ይቆማል። አባት «ተቀመጡ» ካላለው አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ማለት ደግሞ ግማሽ እሺታ ስለሆነ፣ ማንም አባት በመጀመሪያው ቀን ከአፉ አያወጣውም። «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። ልጅ የምትከበረው እንዲህ ነው። እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች አማቴ ደጅ ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አንዱንማ ውሻ ነክሶታል።

ይሄ ሰውዬ ምን አደረገ? በሽማግሌ ፈንታ የአንደኛ ማዕረግ የባቡር ቲኬት ላከ፤ ለእኔና ለሚስቴ። «ባሕሩን ይዩ፣ ትንሽ ይረፉ፣ እዚያው እንተዋወቃለን» ብሎ በቲኬት ቆራጩ አፍ ላከብኝ።

«አልሄድም» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ባቡር ስትሸኝ ኖረህ የሚሄድበትን አገር ማየት አያምርህም?» አለች ሚስቴ።

«አያምረኝም። ሽማግሌው የት አለ?»

ልጄ ከጓዳ ትሰማን ኖሮ ወጣች። «አባዬ፣ ሰውየውን ሳታየው እምቢ አትበል። እየውና እምቢ በል» አለችኝ።

ይሄ ፍርድ መሰለኝ። ሄድኩ።

መንገዱን አላወራም። ድሬዳዋ አደርን፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና አሸዋ ነው። ወሩ ግንቦት ነው። ጅቡቲ ስንወርድ የመታን ሙቀት ከምድጃ አፍ የሚወጣ ዓይነት ነው። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀን። ጥርሱ ያምራል፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። ይህንን አልክድም።

ሆቴሉ ደጃፍ ላይ አሳላፊው ጫማዬን አስወልቆ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ሰጠኝ። ለክብር ነው ይላሉ፤ ለምንጣፋቸው ነው። ራት ብለው ዓሣ ከነዓይኑ አመጡልኝ፤ እሱ እኔን ያየኛል፣ እኔ እሱን አየዋለሁ። አልጋው ሰው ይውጣል፤ ፈተሽ ላድርገው ብዬ ጋደም ብል ወገቤን ሰበረው። ከክፍላችን ወዲያ ግን ሚስቴን እልል ያሰኛት ነገር አለ፤ በምሰሶ ተደግፎ ባሕሩ ላይ የወጣ የእንጨት በረንዳ።

«ይሄ ለብቻችሁ ነው፣ አባባ። ኮከብ ማያ ነው» አለ ሰውየው።

«ሌላው ሰው ኮከብ በምን ያያል?» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

በረንዳው ላይ ያለው ወንበር እንደ ቃሬዛ የተዘረጋ ነው። ተቀመጥኩ ስትል ትንጋለላለህ፤ ለመነሳት ረዳት ያስፈልግሃል። ከእንጨቱ ሥር ውሃው እንደ ጥጃ ይልሳል፣ ይልሳል፣ አያርፍም። ሻዩ ራሱ ጨው ጨው ይላል። ሰው በጤናው ይህንን ብሎ ከቤቱ ይወጣል?

ፀሐይ ጠልቃ ኮከቡ መውጣት ሲጀምር ሚስቴ ጣቷን ቀስራ መቁጠር ጀመረች።

«ተይ፣ ኪንታሮት ያወጣብሻል።»

«ያውጣብኝ! እንዲህ ያለ ኮከብ አቃቂ አለ?»

«አለ። የፋብሪካው ጭስ ሸፍኖት ነው።»

«አንተ እኮ ገነት ብትገባ በሩ ጠበበ ትላለህ።»

ይህንን ስትል በሩ ተንኳኳ። ሰውየው ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ፤ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፣ ወደቡ ላይ ያረጁ። ለካ ወንበሩ አስቀድሞ ተደርድሮላቸዋል። መጡና ቁጭ አሉ። ተቀመጡ ያላቸው የለም። ውስኪ ተቀዳላቸው።

ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወንድማችን፣ የመጣንበት ጉዳይ...»

«ቆይ!» አልኩት። ከዚያ ቃሬዛ ላይ በመከራ ተነሳሁ። «ይሄ የማን ቤት ነው?»

«ዛሬ የእርስዎ ነው፣ አባባ» አለ ሰውየው።

«የእኔ ከሆነ እነዚህን ማን አስቀመጣቸው?»

ትልቁ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የእኔ ካልሆነስ እንዴት ብዬ ነው ሂዱና ተመለሱ የምላቸው? በሰው ወንበር አንጋላችሁኝ፣ የሰው ነጠላ ጫማ አጥልቃችሁልኝ ልጄን ልትጠይቁኝ? ይሄ ሽምግልና አይደለም፣ ወጥመድ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ «ኧረ ወንድሜ፣ የተቀመጥነው ጉልበታችንን ስለሚያመን ነው» አለ።

«ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ አይላክም። ጉዳይ ያለው አቃቂ ይምጣ።»

ሚስቴ ጥርሷን ነክሳ «አዋረድከኝ» አለችኝ። የራሴን ጫማ አድርጌ ወጣሁና ከባቡር ሠራተኞች ጋር ጣቢያ አደርኩ፤ ሲሚንቶ ላይ፣ ደህና አድርጎ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። እሷ አልተከተለችኝም። ኮከቧን ስትቆጥር አምሽታ እዚያው አደረች። በመልሱ እስከ አዋሽ ድረስ አላናገረችኝም፤ አዋሽ ላይ ያናገረችኝም መስኮቱን ዝጋ ለማለት ነው።

ልጃችን ደጅ ቆማ ጠበቀችን።

«ምን አልካቸው?»

«አቃቂ ይምጡ አልኳቸው።»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡ ጨዋ አይደሉማ።»

«ካልመጡ የምቀረው እኔ ነኝ፣ አባዬ። አንተማ ሚስት አለህ።»

ከቃሌ ግን አልተመለስኩም። ሰኔ ሄደ፣ ማንም አልመጣም። ሐምሌ ሄደ። ልጄ ከፋብሪካ ትገባለች፣ ምግቤን ታቀርባለች፣ ከእኔ ጋር አትበላም። ባቡር ከታች፣ ከጅቡቲ፣ በመጣ ቁጥር እናትና ልጅ የሚወርደውን ሰው በመስኮት ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። እኔም ሥራዬ ላይ ሆኜ የሚወርደውን አያለሁ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ አባት የልጁን ዕድል ባሕር ውስጥ ጣለው» ይላል። ይበል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እንደ ገመድ ሲወርድ፣ ሦስቱ መጡ። ከጣቢያው እኛ ቤት ድረስ ያለው ዋልካ ጭቃ የቀጭኑን አንድ ጫማ ውጦ አስቀርቶታል። ደጄ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል። እኔ ጣራው ሥር ነኝ።

«ይኸው ቆመናል፣ ወንድማችን» አለ ትልቁ።

«አያለሁ።»

«ባሕሩ ውስጥ ብንቆም ይሻለን ነበር፤ እሱ እንኳ ይሞቃል» አለ ቀጭኑ፣ ባዶ እግሩን እያነሳ።

ሳቄን ዋጥኩት። ትልቁ ልጅህን ለልጃችን ስጠን እያለ በወጉ ጉዳዩን ተናገረ፤ አንድ ቃል አላጎደለም። ጨረሰ። እኔም ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ልል አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት። ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅ ጥላዋም አይታይም፤ የእኔዋ ግን የፋብሪካ ሻሿን እንዳሰረች አግዳሚ ወንበሩን እየጎተተች ወጣች። ጣራው ሥር አስቀመጠችው።

«ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አለች።

እናቷ ከውስጥ «ጉዴ ፈላ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«አንቺ! ግቢ!» አልኩ።

«ገብቼ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ዓይኔን ነው ያየችኝ። አልገባችም።

ሽማግሌዎቹ አግዳሚውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። አንዳቸውም አልተቀመጡም። ዝናቡ ይወርድባቸዋል፤ ቀጭኑ በአንድ እግሩ ቆሟል። ቃሉን ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኳቸው። «ተቀመጡ ተብላችኋል እኮ!»

ተቀመጡ። አግዳሚው ለአራት አይበቃም፤ ቆሜ ሰማኋቸው።