የሀጂ ትንሿ የናፍጣ መኪና

ሰው የነገረኝን ነገር ሁለት ጊዜ ሳልመረምር ማመን አይሆንልኝም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ቆሎ ስትገዛም ትቆጥረዋለህ» ትለኛለች። የሒሳብ መምህር መሆኔ ደግሞ አባብሶታል።

ጅማ፣ ጊንጆ ስንኖር በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ነበሩ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰፈሩ በሙሉ ሀጂ ይላቸዋል። አንዲት ነጭ የቤት መኪና ነበረቻቸው። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ በከተማው የቤት መኪና እየበዛ ቢመጣም በእኛ መንደር ያለችው እሷ ብቻ ናት። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታምጥ ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው፣ በዚያችው መኪና።

ሀጂ ሱቃቸውን ዘግተው ሰኮሩ ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሲወስኑ፣ መኪናዋን ለደላላ ሳያሳዩ መጀመሪያ ለእኔ አቀረቡልኝ።

«መምህር፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ከእንግዲህ አልነዳም። ሌላ ሰው ከሚወስዳት አንተ ውሰዳት።»

«ሞተሯ ስንት ነው፣ ሀጂ?»

«ሺህ አምስት መቶ ገደማ። ናፍጣ ናት። ወላሂ፣ እንደ ግመል አንዴ ጠጥታ ሩቅ ትሄዳለች።»

ጥርጣሬዬ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ሺህ አምስት መቶ ሲሲ፣ ያውም ናፍጣ? እኔ የማውቀው ትንሽ መኪና በቤንዚን፣ ትልቅ መኪና በናፍጣ ሲሄድ ነው። ለማጣራት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ማደያ ቆሜ ባለ መኪኖችን ጠየቅኩ። ቤንዚን ወረፋ ላይ ያሉት ሺህ ሦስት መቶ፣ ሺህ ስድስት መቶ አሉኝ። በናፍጣው በኩል የቡና ነጋዴዎች ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጡባቸው ከፍ ከፍ ያሉ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ከሁለት ሺህ በላይ። አንዱ ነጋዴ የግብር ሰው መስዬው መስኮቱን ዘጋብኝ። ትንሽ የናፍጣ መኪና ግን አንድም አላገኘሁም።

ሊብሬው ላይ ሀጂ እንዳሉት ተጽፏል። ይህም አላሳመነኝም፤ ጭራሽ «ሊብሬው ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ» ብዬ ደመደምኩ። ሞተሩ የተቀየረ መኪና ስም ሲዛወር ምርመራ ላይ ተይዞ ገዢውን ስንት ወር ሲያመላልስ አይቻለሁ። ሀጂ ሊያታልሉኝ ነው አልኩ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ብልጥነት መስሎኝ ነበር።

እሳቸውኑ መጠየቅ እችል ነበር። እኔ ግን «ትንሽ ነድቼ ልሞክራት» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩና በቀጥታ ጊንጆ ጉዱሩ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩን የሞተሩን ክዳን፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉትን፣ እንዲያነሣልኝ አዘዝኩት።

«ጋሼ፣ ጤነኛ ሞተር ለምን ይከፈታል?»

«አንተ ብቻ ክፈት።»

ፒስተኑ የሚመላለስበትን ጉድጓድ ስፋትና ርዝመት ለካልኝ። እኔ ከኪሴ በማትጠፋው ጠመኔ ግድግዳው ላይ አሰላሁ፤ ጉድጓዶቹ አራት ናቸውና በአራት አባዛሁ። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ገጠመ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ልጀምር ስል ከኋላዬ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሀጂ ናቸው። መኪናቸውን ጋራዡ ውስጥ ያየ ሰው ነግሯቸው፣ ተበላሽታብኝ መስሏቸው ሊረዱኝ በባጃጅ መጥተዋል። የተፈታውን ሞተር አዩ፤ ግድግዳውንም አዩ።

«ምን ሆነች?»

መካኒኩ ቀደመኝ። «ምንም አልሆነችም ሀጂ። መምህሩ ሲሲዋን ሊያረጋግጡ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ልክ መጣ?» አሉኝ።

«ልክ ነው፣ ሀጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «እኔ ለክቼ አላውቅም። የሸጠልኝ ሰው የነገረኝን ነው የነገርኩህ። ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ እሱ ዋሽቶኝ ቢሆን ኖሮስ? ዕድሜህን ሙሉ ሀጂ ሌባ ነው ስትል ልትኖር ነበር?»

አዎ፣ እኖር ነበር። ይህን አፌን ሞልቼ ልነግራቸው አልቻልኩም። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ቶሌ፣ ቶሌ፤ ይሁን» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ መኪናዋንም ሳይነፍጉ ሸጡልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኮሩ የሚሄዱበት ቀን ማለዳ መኪናዋን አጥቤ፣ ናፍጣ ሞልቼ በራቸው ላይ አቆምኳት። የኋላውን በር ከፍቼ «ሀጂ፣ ላድርስዎት» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አላህ በረካ ያድርግልህ፤ አንተ አትድከም» አሉኝ። ከዚያ ባጃጅ አስቁመው ዕቃቸውን አስጫኑና ወደ አውቶብስ ተራ ሄዱ።